የወፍጮ ባለቤቱን ማን እንደገደለው

አራት ነበርን። መሪጌታ ተሰማ የቅኔ መምህር ናቸው፤ የኔታ እንላቸው ነበር። ሐጂ ኢብራሂም ደብረ ታቦር ገበያ ላይ አቡጀዲ ይሸጣሉ። ወልዴ ከወረራው በፊት የአንድ እንግሊዛዊ ሐኪም አሳላፊ ነበር፤ ቋንቋውን ከጌታው ተምሯል። አራተኛው እኔ ነኝ፣ መጽሐፍ ደጓሽ።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አስተማሪ አልነበረኝም። አንድ ያረጀ ዳዊት ገዝቼ ስፌቱን ፈታሁና እንዴት እንደተሰፋ አየሁ። መልሼ ስሰፋው መዝሙሩ ተዘበራረቀ። አብረው ታጥፈው የሚሰፉትን ቅጠሎች ጥራዝ እንላቸዋለን። ከዚያ ወዲህ በየጥራዙ ራስ ላይ ፩፣ ፪፣ ፫ ብዬ ሳልጽፍ መጽሐፍ ፈትቼ አላውቅም።

ጣሊያን ከገባ በኋላ ወልዴ ሐኪሙ ትቶለት የሄደውን ስድስት የእንግሊዝ መጽሐፍ በገለባ ሸፍኖ አመጣልኝ። ስድስቱም የአንድ አንካሳ የፖሊስ ሹም ታሪክ ናቸው። ወንጀል ይፈጸማል፣ ሹሙ ወንጀለኛውን አነፍንፎ ያገኛል።

"እንግሊዝኛ የተገኘበት ይታሰራል" አልኩት።

"ለዚህ እኮ ነው ወዳንተ የመጣሁት። ፍታቸው። አንድ አንድ ጥራዝ ከሆነ ከኩታ ሥር አይታይም።"

ፈታኋቸው፤ እንደ ልማዴም ቁጥር ጻፍኩባቸው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ቆዳ ስፍቅ ወልዴ ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብልን ነበር። ሹሙ ሲራመድ ተነሥቶ ራሱ ያነክሳል። የኔታ ገዳዩ በመጨረሻ የሚናዘዝበትን ሦስተኛውን መጽሐፍ ወደዱ። ሐጂ ከመርከብ ላይ ሐር የተሰረቀበትን አራተኛውን። እኔ የወፍጮ ባለቤት ኩሬ ውስጥ ሞቶ የተገኘበትን ስድስተኛውን ወደድኩ።

አሥራ አንደኛው ጥራዝ ሲያልቅ ክርክር ሆነ።

"ወንድሙ ነው" አሉ የኔታ። "ከቃየል ጀምሮ ገዳይ ከቤት አይጠፋም።"

"ሚስቱ ናት" አሉ ሐጂ። "ወፍጮውን በማግሥቱ ሸጠችው። ሐዘን ላይ ተቀምጦ ማን ገዢ ይፈልጋል?"

"አንቱ ሐጂ፣ ሁሉን በገበያ ነው የሚመዝኑት።"

"የኔታስ በኦሪት አይደል?"

ወልዴ ሳቀ። "ሁለታችሁም ስታችኋል። እኔ ጨርሼዋለሁ፤ ልንገራችሁ?"

"አትንገራቸው" አልኩ እኔ። "የቀረው አንድ ጥራዝ ነው። በተራው ይነበባል።" በቤቴም በሥራዬም እንዲህ ነበርኩ።

በዚያው ሳምንት ወልዴ እህቱን ሊጠይቅ ወደ ገሳይ ሲሄድ ጣሊያኖች መንገድ ላይ ፈተሹት። የመጨረሻውን ጥራዝ አገኙበት። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ብቻውን ምናልባት በግርፋት ያልፍ ነበር፤ ከላዩ ላይ ያለው ፲፪ ግን ለአርበኞች የሚላክ የጠመንጃ ቁጥር መሰላቸው። ማን እንደጻፈው ሲጠይቁት "አላውቅም" እንዳለ አስተርጓሚው ለሐጂ ነገራቸው።

ሐጂ ሊያማልዱ ቢሄዱ በቁጣ መለሷቸው። ከዚያ እኔ ዘንድ መጡ።

"የደጓሽ ምልክት ነው ብለህ ብታስረዳቸውስ?"

"ልጆች አሉኝ፣ ሐጂ።"

"እሱስ?"

ቆዳዬን መፋቄን ቀጠልኩ። አልሄድኩምም። ወልዴን ከሌሎች እስረኞች ጋር በመኪና ጭነው ወሰዱት፤ አልተመለሰም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ልጄ ትምህርት ቤት ገባ። አንድ ቀን ደብቄ ያቆየኋቸውን ጥራዞች አገላብጦ፣ "አባባ፣ ቁጥር ለምን ጻፍክባቸው? ገጹ ሁሉ እኮ ከታች ቁጥር አለው" አለኝ። የፈረንጅ ቁጥር አላነብም ነበር። ያን ጊዜ ወልዴን ብጠይቀው በአንድ ቃል ይነግረኝ ነበር።

ልጄ አሥራ አንዱን ጥራዝ አነበበልኝ። በደንብ ያነባል፤ ግን ተቀምጦ ነው። እኔ የምናፍቀው የሚያነክሰውን ነው። ሙሉውን መጽሐፍ አዲስ አበባ አፈላልጎ ሊያመጣልኝ ፈልጎ ነበር፤ ተው አልኩት። ገዳዩን ከወልዴ አፍ ካልሰማሁ ከሌላ አልሰማም።

ለእናንተ ለወጣት ደጓሾች የምለው ይህ ነው፦ በማታነቡት መጽሐፍ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት የሚያነበውን ጠይቁ። ጽፋችሁ ጉዳት ከደረሰም፣ እኔ ነኝ በሉ።

ወልዴ ሕይወቱን ከፈለ። ሐጂ ስላማለዱ ሱቃቸው ታሸገ። የኔታ ከወልዴ ጋር ታይተዋል ተብለው ወደ እብናት ሸሹ፤ ተማሪዎቻቸው ተበተኑ። ከአራታችን ምንም ያልከፈልኩት እኔ ነኝ።