የነቢ ዩሱፍ ጎተራ

ከኩዌት በተመለስኩ በሳምንቱ አንድ ገልባጭ ጥርብ ድንጋይ ደጃችን አስራገፍኩ። እናቴ ስትሞት እኔ ባሕር ማዶ የሰው ልጅ እሹሩሩ እል ነበር፤ አፈር እንኳ አላለበስኳትም። ይሄ ሲያንገበግበኝ ኖሯልና፣ ከሰፈራችን ሐይቅ በላይ ያለው ቀብሯ ላይ ከሩቅ የሚታይ ነገር ላሠራ ቆርጬ ነው የመጣሁት።

አባየ ድንጋዩን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ለጎተራ ነው?» አሉኝ።

«ለእማየ ቀብር ነው።»

«አስተግፊሩላህ! በኛ ሃይማኖት ቀብር ላይ ግንብ ይቆማል እንዴ?»

እኔም እልኸኛ ነኝ፣ ስልኬን አወጣሁ። አሠሪዎቼ ልጆቻቸውን እንድጠብቅ ግብፅ ይዘውኝ ሄደው ስለነበር ፒራሚዱ ሥር የተነሳሁት ፎቶ አለኝ። «ይዩት አባየ፣ ይሄ ሁሉ ድንጋይ ለአንድ ሰው መቃብር ነው የተከመረው። ዛሬም አገር ምድሩ ሊያየው ይጎርፋል።»

«ማን ነው መቃብር ያለሽ? የነቢ ዩሱፍ ጎተራ ነው እንጂ! ለሰባቱ የረሃብ ዓመት እህል ያከማቹበት።»

«አስጎብኚው ነው የነገረን! ውስጡ የሬሳ ሣጥን አለ እኮ!»

«አስጎብኚው አርሶ ያውቃል?»

ወይ ጉድ! ሳምንት ሙሉ ተከራከርን። አባየ ከመስጊድ ሲመለሱ የሰፈሩን ሽማግሌዎች አስከትለው ይመጣሉ፤ ሁሉም ገበሬ ናቸውና ፎቶውን አይተው «ጎተራ ነው» ብለው ይፈርዱብኛል። አንደኛውማ ነቢ ዩሱፍ አይጥ እንዳይገባ በሩን ማጥበባቸውን አደነቁ። በሳቅ ፈረስኩ፤ ድንጋዬን ግን ለቀብሩ እንጂ ለሌላ አልሰጥም አልኩ።

በስምንተኛው ቀን አባየ ብቻቸውን መጥተው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «እናትሽ በክረምት፣ እህል ሲያልቅ፣ ቁና ይዞ የመጣን ሰው ባዶውን መልሳ አታውቅም። ለኛ ሳይበቃን ትሰፍር ነበር፤ ስንጨቃጨቅ የኖርነው በዚህ ነው» አሉ። ከዚያ ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉ። «እሷ ከሞተች ወዲህ ጎተራዋን ምስጥ በልቶ ጣለው። ሰዉም መምጣት ተወ።»

አለቀስኩ። በማግስቱ ግንበኛ ጠርቼ ድንጋዩን ለእማየ ጎተራ አዋልኩት።

ሥራው ሲያልቅ፣ «በሉ እንግዲህ አባየ፣ የነቢ ዩሱፍን ጎተራ ያስንቃል» አልኳቸው።

«ያ የግብፁማ መቃብር ነው» አሉ ፈገግ ብለው። «የማላውቅ መሰለሽ? ድንጋይሽን ፈልጌ ነው እንጂ!»

ነሐሴ ላይ አንዲት ጎረቤታችን ቁና ይዛ ደጃችን ቆመች። «የእናትሽ ጎተራ ተነሳ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለችኝ። ከአፉ እስኪፈስ ሞላሁላት።