ገላና የጠበቀው ማሽን

አዳማ ላይ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ «ኤጭ!» ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል። ገላና ግን ይሮጣል። ከምሳው ላይ ተነስቶ ሮጧል፤ ከቅዳሴ መሀል ነጠላውን መሬት ለመሬት እየጎተተ ሮጧል። አንድ ቀን ፊቱን ሳሙና እንደተለቀለቀ ሲበር ያዩት የመጋዘኑ ጫኝና አውራጆች ዓመቱን ሙሉ «አረፋው» ሲሉት ከርመዋል።

የሚሮጠው ወደ ጄኔሬተሩ ነው። የሚሠራበት ድርጅት ዘይት፣ ሳሙናና ፓስታ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ላሉ ሱቆች ያከፋፍላል። የትኛው ሱቅ ምን እንዳዘዘ፣ የትኛው አይሱዙ ምን ጭኖ እንደሚወጣ የሚያውቀው ከመጋዘኑ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የተቀመጠ አንድ ማሽን ነበር። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ለጥቂት ደቂቃ እየጮኸ ያቆየዋል፤ ከዚያ በፊት ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ማሽኑ ይወድቃል፤ መኪኖቹም በር ላይ ይቆማሉ። ገላና አዲስ ሳለ አንድ ጊዜ እንዲያ ሆነና የጊዜው ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛ ሁሉ እየሰማ «በአንተ ምክንያት የቡልቡላ ከተማ ሳሙና አጣ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ተቆጪ አላስፈለገውም።

ማሽኑ ውስጥ ምን እንዳለ አይቶ አያውቅም። የሚያየው ፊቱ ላይ ያለችውን አረንጓዴ መብራት ነው። እሷ እስከበራች ድረስ የሱቆቹ መደርደሪያ ሙሉ ነው፣ የሕፃናቱ ልብስ ይታጠባል፣ ዓለም በቦታዋ ናት። ብዙዎቻችን እምነት የምንለው ነገርም ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። አንዲት መብራት እናያለን፤ የቀረውን ራሳችን እንሞላዋለን።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም፣ በፍልሰታ ጾም፣ ታላቅ እህቱ ጋዲሴ ከአርሲ ነገሌ ደወለችለት። «አዮ ደክማለች። አንተን ነው የምትጠራው። ሳትመርቅህ አትሄድም፤ ቶሎ ና» አለችው። አዮ ዲንቄ እናታቸው ናቸው። ገላና አንድ ወንድ ልጃቸው ነው፤ በቤታቸው ደግሞ የሚሞት ወላጅ እጁን በወንድ ልጁ ራስ ላይ ጭኖ፣ እንትፍ እንትፍ ብሎ ነው የሚሰናበተው። ያ ምርቃት ያልደረሰው ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር እንደጎደለው ይቆጠራል።

ገላና ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ አቶ ይትባረክ ገባ። አቶ ይትባረክ ከስልካቸው ቀና ብለው፣ «ውይ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎ። ግን ማሽኑን ለማን ትተው ነው፣ ጋሽ ገላና? ክረምት ነው፤ በቀን ስንቴ እንደሚጠፋ እርስዎ ያውቁታል» አሉት።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ገላና በዚያች ደቂቃ ከጭንቀቱ ሥር ትንሽ ኩራት ተሰምቶታል። ለእህቱ ደውሎ «እሁድ እመጣለሁ» አላት።

አዮ ዲንቄ ዓርብ ዐረፉ። ገላና ነገሌ ሲደርስ ለቀስተኛው ከመቃብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ጋዲሴ በሩ ላይ ጠበቀችው። አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«ማሽኑ ደህና ነው?» አለችው።

ከዚያ በኋላ አላናገረችውም። ባለፈው ፋሲካ ነው ሽማግሌዎች የገቡት። ኦቦ መርጋ የሚባሉት አዛውንት፣ «ልጄ፣ ይሄ ሰው ጠጪ ሆኖ አልቀረም፤ ሥራ ነው ያስቀረው። የስንት ከተማ ሱቅ በእጁ ነው። ወታደር ዘብ ላይ ሆኖ እናቱ ብትሞት ጥሎ ይሄዳል?» ብለው ተከራከሩለት። ጋዲሴ ተነስታ ወንድሟን ሳመችው። ጉንጯ ግን ቀዝቃዛ ነበር። እሱም አልተቀየመም፤ ጊዜ ያሞቀዋል አለ።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ከአዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት አንዲት ልጅ መጣች። ሶሲ ትባላለች፤ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ጠባቧን ክፍል አስከፈተች፣ ዙሪያዋን አየች፣ ጎንበስ አለችና የማሽኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው።

አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች።

«ምን አደረግሽ! አንቺ ልጅ! መኪኖቹ እየጫኑ ነው እኮ!» ገላና ገመዱን ሊቀማት ተንደረደረ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይረጋጉ! ባዶ ነው እኮ።»

«ምኑ ነው ባዶ?»

«ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ ክላውድ ላይ ነው። እዚህ ውስጥ ምንም የለም። ክፍሏን ለናሙና ማስቀመጫ ፈልገዋታል፤ ለዚህ ነው የመጣሁት።» ግራ እንደገባው አይታ ቀለል አድርጋ ልታስረዳው ሞከረች። «ዳታውን በኢንተርኔት ወደ ሌላ ቦታ ወሰድነው በቃ። ሩቅ አገር ትልልቅ ማሽኖች አሉ፤ እኛ እንከራያቸዋለን። እዚህ ቢጠፋ ባይጠፋ አያገባንም።»

«እዚያስ ማን ይጠብቀዋል?»

ሶሲ ሳቀች፤ በክፋት አልነበረም። «እኔ እንጃ ጋሼ። የሆነ ሰው።»

«መቼ ነው የወሰዳችሁት?»

«ቆየ እኮ! በጀት ዓመቱ ሲጀምር፣ ሐምሌ ላይ። አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አልነገሩዎትም እንዴ?»

አዮ ዲንቄ ያረፉት ነሐሴ ላይ ነው። ሐምሌ ከነሐሴ ይቀድማል። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም።

አቶ ይትባረክ ቢሮ ሳያንኳኳ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ያን ጊዜ፣ እናቴ የታመመች ጊዜ፣ ማሽኑ ባዶ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

አቶ ይትባረክ ለማስታወስ ጊዜ ወሰደባቸው። ሲያስታውሱ ፊታቸው ቀላ። «ለሠራተኛው ሁሉ ኢሜይል ተልኮ ነበር እኮ፣ ጋሽ ገላና።»

«እኔ ኢሜይል የለኝም።»

«አዎ፤ እሱስ ልክ ነዎት።»

«ማሽኑን ለማን ትተው አሉኝ።»

«ብያለሁ።» ብዕራቸውን አነሱና መልሰው አስቀመጡት። «አፌ የለመደው ሆኖ ነው፤ እመኑኝ፣ አስቤበት አልነበረም። መብራት ሲጠፋ እርስዎ ይሮጣሉ፤ ናፍጣውም በየወሩ ይጠየቃል፣ እኔም እፈርማለሁ። ማንም አቁሙ አላለንም።»

ቢዋሹት ይሻለው ነበር። ክፉ ሰው ሲበድልህ ቢያንስ ቆጥሮሃል፤ ትጠላዋለህ፣ ትከሰዋለህ፣ ምናልባትም አንድ ቀን ይቅር ትለዋለህ። ያላሰበህን ሰው ግን ምን ታደርገዋለህ? ሎሌውን የሚገርፍ ጌታ በዘመናችን ቀርቷል እንላለን። በቦታው የተተካው ሎሌ እንዳለው የማያስታውስ ጌታ ነው፤ የትኛው እንደሚከፋ እስካሁን አልለየልኝም።

አቶ ይትባረክም መጥፎ ሰው አይደሉም። ጄኔሬተሩ ሲሸጥ ገላናን በር ጥበቃ ላይ መደቡት። ያ አልበቃ ሲላቸው፣ «ማሽኑን ለማስታወሻ ይውሰዱት። ከንብረት ላይ ተሰርዟል፤ ሌላ ሰው ቢወስደው ለቁራሊዮ ነው የሚሸጠው» አሉት።

ገላና ወሰደው። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ እስከ ቅዳሜ አላወቀም ነበር። ቅዳሜ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ተሸከመውና የነገሌን ሚኒባስ ያዘ። ጣራ ላይ ይጫን ሲሉት እንቢ አለ፤ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«አባባ፣ ምንድነው እሱ? ቴሌቪዥን ነው?» አለችው ከጎኑ የተቀመጠች የሽንኩርት ነጋዴ።

«ሳጥን ነው።»

«ምን አለበት?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምንም ነው ጉልበትዎን የሚያደቁት?» ብላ የመኪናውን ሰው ሁሉ አሳቀች።

እስከ ነገሌ ድረስ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚያዘጋጀው። ባቱን ሲያልፉ አስተካክሏት ነበር፤ ቡልቡላ ላይ እንደገና ጠፋችበት። «እትዬ፣ ያቀረብኩልሽ ምክንያት እውነት አልነበረም፤ እኔም አላወቅሁም ነበር።» ይህን ብሎ እግሯ ላይ ሊወድቅ ነበር። እርቁ ቢፈርስም ይፍረስ፤ በማላውቀው ውሸት ከተገኘ እርቅ እውነተኛ ቂም ይሻለኛል ብሎ ነበር።

ጋዲሴ ማዳበሪያውን ራሷ ፈታችው። ጎረቤቷ ዘመናይም አብራት ነበረች።

«እትዬ፣ ይሄ ያ ማሽን ነው» አለ ገላና።

«ያ ያልከው? ከአዮ ያስቀረህ?»

«አዎ። ግን እትዬ...»

እጇን አንስታ አስቆመችው። ማሽኑን በነጠላዋ ጫፍ አበሰችው፤ ጎኑን ዳሰሰችው፤ ክብደቱንም ለማወቅ ነቅነቅ አደረገችው። ከዚያ ድንገት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የእናቷ ለቅሶ ላይ እንኳን እንዲህ አላለቀሰችም።

«እኔ እኮ አላመንኩህም ነበር። ለሽማግሌዎቹ ብዬ ነው የሳምኩህ። ማሽን የሚባል ነገር የለም፤ ልቡ ጨክኖ ነው የቀረው እያልኩ ስቃጠል ከረምኩ። ለካ እውነት ነው! ለካ አለ!» ወደ ዘመናይ ዞረች። «አየሽ? ከዚህ እስከ አዳማ ያለውን ሱቅ ሁሉ የመገበው ይሄ ነው። ወንድሜ ነው የጠበቀው።»

«ወይ ጉድ! ያስፈራል» አለች ዘመናይ።

ጋዲሴ የአዮ ዲንቄ ፎቶ ከተሰቀለበት ሥር ያለውን ጠረጴዛ አጸዳች፣ ማሽኑን አሸክማ አስቀመጠችው፤ በእጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴልም አለበሰችው። ከዚያ ወንድሟን በትከሻው ይዛ ከፊት ለፊቱ አንበረከከችው።

«አዮ የያዘችልህን እኔ ልስጥህ። ታላቅህ ነኝ፤ ይደርስሃል። ራስህን ዝቅ አድርግ።»

ገላና አፉን ከፈተ። በመንገድ ያዘጋጃት ቃል እዚያው ነበረች። የእህቱ እጅ ግን ራሱ ላይ አርፏል፤ ሞቃት ነበር።

«እንትፍ፣ እንትፍ። የጠበቅኸው ይጠብቅህ። አሜን በል።»

በዳንቴሉ ቀዳዳዎች የጠፋችው መብራት ቦታ ትታየው ነበር።

«አሜን» አለ።