ከአምቦ ወዲያ ያለው መንገድ

ፅዮንን ያገኘኋት ጦር ኃይሎች፣ አንድ ጫማ ቤት በረንዳ ላይ ነው። የሐምሌ ዝናብ ያባረረው ሰው ሁሉ እዚያች ጠባብ ጣራ ሥር ተጠጋግቶ ታክሲ ይጠብቃል። እሷ ጃንጥላ የላትም። በምትኩ ሁለት የመዋኛ ጎማ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች፤ አንዱ ዳክዬ ነው፣ አንዱ ላይ ዓሣ ተሥሎበታል። ሻጩ ቀዳዳ እንደሌላቸው ሊያሳያት ነፍቷቸው ኖሮ፣ ዶፉ ሲወርድ ሳታስተነፍሳቸው ይዛ ሮጣለች።

«እህቴ፣» አላት ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣ «አንዷን አውሺኝ፤ እስከ አሥራ ስምንት ማዞሪያ እየቀዘፍኩ ልሂድ።»

በረንዳው በሙሉ ሳቀ። ፅዮንም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርስ አላለፈም። ቀራንዮ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ከኖርንበት ጊዜ ጀምሮ አውቃታለሁና ጠጋ አልኳት።

«ነገ አምቦ ልንሄድ ነው፤ ልጆቹን ልናዝናና» አለችኝ። ድምፅዋ ግን የሐኪም ቀጠሮ ያለበት ሰው ድምፅ ነበር። ዝናቡ አላባራ፣ ታክሲው አልመጣ፤ እሷም ታሪኩን ከሥሩ ጀመረችልኝ።

ፅዮን ትኬት ቆራጭ ናት። መናኸሪያ ውስጥ ወደ ምዕራብ የሚሄዱ አውቶቡሶች ማኅበር አለ፤ መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። እዚያ መስኮት የሚደርስ ሰው ስለ ወንበር ከመጠየቁ በፊት «እህት፣ መንገዱ ሰላም ነው?» ይላል። እሷም ከብሩ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ «ሰላም ነው፤ እየሄዱ ነው» ትላለች። አትዋሽም። ሾፌሮቹ በማለዳ ወዲያና ወዲህ ተደዋውለው፣ ፊት የሄደውን ጠይቀው፣ ልባቸው ሲረጋ ነው ሞተር የሚያስነሡት። ያልረጉ ቀን መስኮቱ ይዘጋል፤ ሰውም ሻንጣውን ተሸክሞ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ዓመት ስትሠራ «ሰላም ነው» የሚለው ቃል እንደ «እንደምን አደሩ» ካፏ ሳታስበው የሚወጣ ሆኗል።

ባሏ ደሜ በቪትዝ መኪናው ራይድ ይሠራል። መኪናዋ የራሳቸው ከሆነች ይህ የመጀመሪያው ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትልቋ ልጃቸው ኤልሻዳይ አንድ ቦታ ውሰዱኝ ብላ ተነሣች። አብራት የምትማረው ልጅ ሐዋሳ ሄዳ ጉማሬ አይታለች፤ እሷ ምን አየች? የቀራንዮን ጭቃ። ታናሽ ወንድሟ ሁንዴ ደግሞ ገና አፉን እየፈታ ስለሆነ እህቱ ያለችውን ሁሉ ይደግማል፤ «ጉማሌ! ጉማሌ!» እያለ ቤቱን ይዞራል።

ደሜ ደስ ብሎት ቦታ መጥራት ጀመረ። ሐዋሳ ሲላት «በፍጥነት መንገዱ ላይ ሁሉም የሚበር ነው የሚመስለው፤ ዝናብ ላይ ፍሬን እንዴት ይይዛል?» አለች። ላንጋኖ ሲላት ወባ ታያት። ወንጪ ሲላት የቪትዟ ሆድ ከድንጋይ ጋር ሲፋጭ በጆሮዋ ሰማችው። ቢሾፍቱማ ሐይቁ ዳር አጥር የሌለው ይመስላታል፤ ሁንዴ ደግሞ አንዴ ከእጅ ካመለጠ አይያዝም።

«እሺ፣ አንቺ ሴትዮ፣» አለ ደሜ በመጨረሻ፣ «ባኞ ቤት ውኃ ሞልተን እንቀመጣ! ጉማሬው እኔ እሆናለሁ።»

ሳቁ። ነገር ግን ሁለቱም የሚያውቁት፣ ሁለቱም የማይጠሩት ሌላ ቦታ ነበር።

የደሜ አባት አባባ ቡልቻ ከአምቦ አልፎ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ገጠር ይኖራሉ። ሁንዴ ሲወለድ አንዲት ጊደር ሀንዱራ ብለው ሰጡት። በእነሱ አገር ወግ ለሕፃን ከዕትብቱ ጋር የምትሰጥ ከብት ናት፤ እሷም፣ ከእሷ የሚወለደውም የልጁ ነው። ጊደሯ አደገች፤ ባለቤቷ ግን አንድ ቀን አይቷት አያውቅም። መጀመሪያ ሕፃን ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ጉንፋን ያዘው ተባለ፣ ከዚያ «መንገዱ ትንሽ ይረጋጋ» ተባለ።

ሐምሌ እንደገባ ስልክ ደወሉ። ደሜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ፅዮንን ከሠርጓ ቀን ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠሯት። «ላሚቱ ወለደች። ሴት ናት የወለደችው። ባለቤቱ መጥቶ ወተቱን ይቅመስ እንጂ! የሰው ንብረት እኔ እየጠጣሁ እስከ መቼ?»

ባለቤቱ በዚያ ሰዓት ጠረጴዛ ሥር ሆኖ እግሩን ባባቱ ጫማ ውስጥ እየከተተ ነበር።

«ፍልሰታ ሳይገባ ኑ። ከገባማ አንቺ ኤልሻዳይን ወተት አታስነኪያትም፤ አውቅሻለሁ።»

ፅዮን ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «አባባ፣ እኛማ መምጣቱን ወደን ነበር… መንገዱ እኮ ነው። ልጆች ይዞ… ትንሽ ይረጋጋ ብለን ነው።»

ወዲያ ማዶ ከብት ሲያገሳ ተሰማ።

«መንገዱ?» አሉ አባባ ቡልቻ። «ባለፈው ሳምንት የእድራችን ዳኛ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ካንቺ መስኮት ትኬት ቆርጦ። ‹ሰላም ነው አለችኝ፤ የልጅህ ሚስት ሰው አክባሪ ናት፤ የፊት ወንበር ሰጠችኝ› ብሎ አገር ምድሩ እስኪሰማ አመሰገነሽ። እኔም ደስ አለኝ። ሰላም ነው ብላለች፣ እንግዲህ ይመጣሉ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ ነገርኩ። ለእሱ ሰላም የሆነ መንገድ ለእኔ ልጆች ምን ሆነባቸው?»

ፅዮን ሰውየውን አስታወሰቻቸው። ነጭ ከዘራ የያዙ፣ ለዛ ያላቸው ሽማግሌ። ጠየቋት፤ እንደ ሁልጊዜው መለሰችላቸው፤ ቀጣዩን ተሰላፊ ጠራች። አለቀ። ያ ቃል ከአውቶቡሱ ወርዶ፣ ገጠር ገብቶ፣ አማቷ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል ብላ በምን ታስብ?

«ወይስ መንገዱ አይደለም?» አሉ አባባ ቡልቻ ቀስ ብለው።

ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር። ፅዮን የጎጃም ሰዎች ልጅ ናት። ሲጋቡ ከወዲህም ከወዲያም ያጉረመረመ ነበር፤ በሽምግልናው ቀን ብድግ ብለው «ልጅቷ የእኔ ናት፣ ነገር ያለው ከእኔ ጋር ይነጋገር» ብለው ወሬውን ያቆሙት እኚሁ ሰው ናቸው። አሁን ደግሞ ቤቴን ትጠየፋለች፣ ልጆቹን ከዘሬ ታርቃለች ብለው ያስቡ ይሆን? መልስ ሳታገኝ መስመሩ ተቆረጠ። ኔትወርክ ይሁን እሳቸው ይዝጉት፣ አላወቀችም።

ከዚያ ቀን በኋላ የደሜ ነገር ባሰባት። ጠዋት ጠዋት ዝናብ ያጠባትን ቪትዝ እንደገና ያጥባታል። «ስንሄድ» ማለትንም ትቷል። ኤልሻዳይ «የት ልንሄድ ነው?» ስትል «እናትሽን ጠይቂያት» ይላታል።

መስኮቷ ላይም ምላሷ ተሳሰረ። አንድ ጠዋት ጨቅላ ያዘለች ሴት መጣችና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት። ፅዮን አፏን ከፈተች፤ የለመደችው ቃል አልወጣ አለ።

«ክፍት ነው፣» አለች፣ «ግን እኔ ብሆን… ሕፃን ይዤ ዛሬ አልሄድም ነበር።»

ከተሰለፈው ሰው መካከል ጉምጉምታ ተነሣ። «ምን ሰምታ ነው?» አለ አንዱ። ሁለት ሰዎች ሰልፉን ጥለው ወጡ። የማኅበሩ ኃላፊ ጋሽ ፈቀደ ወሬውን ሰምተው ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ፅዮን፣ አንቺ ትኬት ነው የምትቆርጪው ወይስ የሰው ተስፋ? የሰማሽው ነገር ካለ ንገሪኝና መኪናውን ላቁመው። ከሌለ ሰው አታስበርግጊ!»

«የሰማሁት ነገር የለም፣ ጋሼ።»

«እና?»

ሴትዮዋ ግን የልጇን ነጠላ እያጠባበቀች ፈገግ አለችላት። «እህቴ፣ እኔ እኮ ቤቴ ነው የምሄደው። ወደ ቤት ይፈራል እንዴ? ይልቅ መስኮት በኩል ስጪኝ፤ ይህ ልጅ ያስመልሰዋል።»

ፅዮን መስኮት በኩል ሰጠቻት። ያን ቀን ሥራ አልሠራችም ማለት ይቻላል፤ ሾፌሩ ጋ ስልክ ስትመታ ዋለች። «የት ደረሳችሁ?» «ያቺ ሕፃን የያዘችውስ?» በመጨረሻ ሾፌሩ ተሰላችቶ «ወርዳ ቤቷ ገብታለች፤ ምሳዋንም ሳትበላ አልቀረችም፤ እኔ ነኝ ያልበላሁት» ብሎ ዘጋባት። ዕፎይ አለች። ዕፎይታው ግን ታክሲ ውስጥ ሳለች ተነነ። አንዷ ደህና ገባች ማለት ለሁንዴ ምን ማረጋገጫ ይሆናል?

የአምቦን ሐሳብ ያመጣችው ራሷ ናት። እስከ አምቦ ድረስ ልቧ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው የማይችለው። አምቦ ደግሞ መዋኛ አለ፤ ፍል ውኃ ስለሆነ ሰማዩ ቢያለቅስም ልጆቹ አይበርዳቸውም። እናም ሽማግሌው ወደዚያ ብቅ ቢሉ? እራት ላይ ለደሜ ስትነግረው ጥሩ ነገር ያገኘች መስሏት ፊቷ ፈክቶ ነበር።

ደሜ ጉርሻውን መልሶ ሣህኑ ላይ አኖረው።

«አንቺ የፈራሽውን መንገድ አባቴ ይምጣበት ነው የምትይኝ?»

እንዲህ አድርጋ አላየችውም ነበር። «እምላለሁ፣» ብላ ነገረችኝ፣ «ያን ጊዜ ሁሉንም ትቼ ‹ቢሾፍቱም ሐዋሳም ይቅር፣ ቤት እንቀመጥ› ልል ነበር።» ግን ደሜ ስልኩን አንሥቶ ደውሎ ነበር። «አንቺው ንገሪው» ብሎ ሰጣት።

ነገረቻቸው። ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ፣ «አባባ፣ እኔ ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ነገር የለብኝም፤ በማርያም ይመኑኝ» አለች።

አባባ ቡልቻ ረጅም ሳቅ ሳቁ። «እናት ካልፈራች ማን ይፈራል? እመጣለሁ። ወተቱን በጀሪካን ይዤ እመጣለሁ። ላሚቱን ግን አላመጣም፤ አውቶቡስ ላይ ቆማ አትሄድልኝ!»

ኤልሻዳይ ከጎን ሆና «አካኮ ይመጣል! አካኮ ይመጣል!» እያለች ዘለለች። አያቴ ማለቷ ነው። ሁንዴም ጉማሬውን ረስቶ አብሯት ዘለለ።

ሽማግሌው ግን አልጨረሱም። «ኢንተላ ኮ፣ የማንን መኪና ልያዝ? ያንቺን ማኅበር እይዛለሁ። አንቺ ሰላም ነው ያልሽው እንደሆነ እኔ አልጠይቅም።»

ይህን ስትነግረኝ ፅዮን ዳክዬውን ጥብቅ አድርጋ አቅፋው ነበር። ከትናንት ጀምሮ የምትጨነቀው በወንበር ነው። በአገራቸው ያለውን የማኅበሩን ቅርንጫፍ ሠራተኛ ታውቀዋለች፤ ደውላ ቦታ አስይዛላቸዋለች። የፊት ወንበር ክብር ነው፤ ሽማግሌ ከኋላ ቢቀመጥ ለዘላለም ሲወራ ይኖራል። ግን የፊት ወንበር የፊት ወንበር ነው፤ አንድ ነገር ቢሆን ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው። ከሾፌሩ ጀርባ አለች፤ መልሳ መሀል አለች፤ እንደገና ደውላ ፊት አለች። ልጁ በመጨረሻ «እህት ፅዮን፣ ሰውየውን ጭኔ ላይ ላስቀምጣቸው?» አላት።

«የት አስቀመጥሻቸው ታዲያ?» አልኳት።

«ከሾፌሩ ጀርባ። ቅሬታቸውን እችላለሁ።» ቀና ብላ ሰማዩን አየች። «ነገ እሳቸውም እዚያ ሲነሡ እኛም እዚህ እንነሣለን። ደሜ ደስ ብሎታል፤ ቢያንስ መኪናዋን ማጠብ አቁሟል። ኤልሻዳይ የምትለብሰውን ለብሳ ልትተኛ ነው። እኔ ደግሞ እዚያ ደርሰን ልጆቹ ውኃ ውስጥ ሲገቡ እነሱን ልይ ወይስ በሩን ልይ እያልኩ ነው። ይምጡ፤ መጡ እንበል። ማግስቱን ደግሞ በዚያው መንገድ ይመለሳሉ እኮ! ያን ጊዜ እኔ ቤቴ ገብቼ ቁጭ ብያለሁ።»

ላጽናናት ብዬ የሆነ ነገር ተናገርኩ፤ ምን እንዳልኩ እንኳ ትዝ አይለኝም። ዝናቡ ቀለል አለ። ወደ ቀራንዮ የሚሄድ ታክሲ ከጎርፉ ውስጥ እየተንሸራተተ መጣና ሰው ሁሉ ተግተለተለ። ጎረምሳው ዳክዬውን ተቀብሏት በበሩ አስገባላት፤ ረዳቱ «ለዳክዬው ሂሳብ አለ!» እያለ ይጮኻል። ፅዮን አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«እሁድ እደውልልሻለሁ፤ እንዴት እንደሆናችሁ ልስማ» አልኳት።

«አትደውዪ!» አለችኝ፣ «ባክሽ አትደውዪ። ስልክ ሲጮኽ ልቤ ቀጥ ይላል። እሳቸው ቤታቸው መግባታቸውን ስሰማ እኔው እደውልልሻለሁ።»