ሊቁ እና የቀዘቀዘው ፎርማ

ጎረቤቶቹ ሊያሾፉበት «ሊቁ» ብለው ሰየሙት፤ እሱ ግን ስሙን እንደ ሹመት ተቀበለው። ሳይጠየቅ መልስ መስጠት ልማዱ ነው።

የመጋዘን ሥራውን ጥሎ ከወጣ ወዲህ፣ ኩሽናው ውስጥ ለዓሣ ማጥመጃ የሚሆኑ ለስላሳ የፕላስቲክ ትሎች ይሠራል። ፕላስቲኩን አግሎ፣ ቀለም ጨምሮ፣ ከሲሊኮን በተሠራ ፎርማ ውስጥ ያፈሰዋል። የትሉ ጅራት እንደ ወረቀት የሳሳ መሆን አለበት፤ ውሃ ውስጥ ተርገብግቦ ዓሣውን የሚያታልለው እሱ ነውና። የሊቁ ትሎች ግን አብዛኞቹ ጅራታቸው ጎራዳ ነበር።

ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ ፎርማው ቀዝቃዛ ሲሆን ፕላስቲኩ ጫፉ ጋ ሳይደርስ ይረጋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲፈስበት ፎርማው ይሞቅና ትሉ ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ሊቁ ይህን አይቶ የደረሰበት መደምደሚያ ሌላ ነው፦ ፕላስቲኩ እጁን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። አራት አምስት ካወጣ በኋላ ሻይ ሊጠጣ ይቀመጣል፤ ሲመለስ ጅራቱ እንደገና ጎራዳ ይሆናል። ያኔ ፕላስቲኩ «አኩርፏል» ማለት ነው።

ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ነገሩ የገባት በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

«ፎርማውን ለምን ቀድመህ አታሞቀውም?»

«ዳቦ የምጋግር መሰለሽ እንዴ?»

«ዳቦ ቢሆንማ በልተነው በተገላገልን።»

አንድ ቅዳሜ የማጥመጃ ዕቃ መደብር ባለቤት ሥራውን ልታይ ቀጠሮ ያዘች። ከወደደችው ቋሚ ትእዛዝ ትሰጣለች፤ ካልወደደችው ሊቁ ተመልሶ የመጋዘኑን አለቃ ሊለማመጥ ነው፤ ሥራውን ሲጥል ሊቁ ራሱ «ጭንቅላትህ ከባዶ ካርቶን አይሻልም» ብሎ የሰደበውን አለቃ።

ቅዳሜ ጠዋት እሱ ጢሙን ሲላጭ ሚስቱ ፎርማዎቹን በመጠነኛ እሳት ምድጃ ውስጥ አሞቀቻቸውና ቦታቸው መለሰቻቸው። ሊቁ መጥቶ አፈሰሰ። አሥራ ሁለቱም ትሎች ባለጅራት ሆነው ወጡ።

«አየሽ? ለመደኝ» አላት።

ባለ መደብሯ ደረሰች። አንዱን ትል ጅራቱን ይዛ ወዘወዘችው፤ ፊቷ በራ።

«ሌሎቹ የሚያመጡልኝ ሁሉ ጅራቱ ጎደሎ ነው። ምስጢሩ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

ይህን ባትጠይቀው ኖሮ ትእዛዙ የሱ ነበር። ሊቁ ስለ ፕላስቲክ ጠባይ፣ ስለ እጁ፣ ስለ ትዕግሥቱ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አብራራላት። ፎርማዎቹ ጠረጴዛው ላይ ሆነው ቀዘቀዙ።

«እስቲ አንዴ ሲያፈሱ ልይ» አለች።

አፈሰሰ፤ ጎራዳ። ደገመ፤ ያም ጎራዳ።

«ሰው ሲያይ ያፍራል» አለ ሊቁ።

ሚስቱ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሣች። አንዱን ፎርማ ጥቂት ደቂቃ ምድጃው ውስጥ አቆይታ አወጣችው፤ በእጇ ጀርባ ሙቀቱን ለካች፤ አፈሰሰች። ትሉ ሲወጣ ጅራቱ እስከ ጫፉ ሙሉ ነበር። ባለ መደብሯ አንዴ ትሉን፣ አንዴ ሊቁን አየች።

«እህቴ፣ የምታፈሺው አንቺ ከሆንሽ በየወሩ እወስዳለሁ።»

«እኔ አፈሳለሁ» አለች ሚስቱ። «እሱ ቀለም ይበጠብጥልኛል።»

ሊቁ እንግዳይቱን ሊሸኝ ወጣ። እስከ መንገዱ ማዶ ድረስ ከጎኗ እየሄደ፣ ፎርማን ቀድሞ ማሞቅ ለምን እንደሚጠቅም አስረዳት።