እጮኛዬ ሥራ አለው ወይስ የለውም?

ባለፈው እሁድ ጠዋት... ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ትዳሬ ገና ሳይጀመር በሥራ አጥ ቁጥር ምክንያት ሊፈርስ ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ገመቹ አራት ዓመት አብረን ቆይተናል። የኢተያ ልጅ ነው፤ በኢንጂነሪንግ ተመርቋል። በስንዴ አጨዳ ወቅት ኮምባይነር ይነዳል፤ በቀሩት ወራት የማስታወቂያ ሰሌዳ ያነብባል። አባቴ ደግሞ «ለሥራ ፈት ልጄን አልሰጥም» ብሎ ከማለ ቆይቷል። አባቴ አንዴ እምቢ ካለ አለ ነው... አሰላ በሙሉ ወጥቶ ቢለምነው አይመለስም።

ገመቹ ሽማግሌ ሲመርጥ ግን ተሳሳተ። አንደኛው ጋሽ ታምሩ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፤ አባቴ ያከብራቸዋል። ሁለተኛው አቶ ቱሉ፤ ወጣቶችን ሥራ የሚያስይዝ ቢሮ ውስጥ የሚሠሩ፤ አባቴ እሳቸውንም ይወዳቸዋል። ችግሩ ሁለቱ ሰዎች ሰፈራችን ፀጉር ቤት በተገናኙ ቁጥር መጨቃጨቃቸው ነው። ቴሌቪዥኑ የሥራ አጡ ቁጥር ቀነሰ ሲል አቶ ቱሉ «ይኸው!» ይላሉ፤ ጋሽ ታምሩ «በየትኛው አገር?» ይላሉ። መሃላቸው ሆነው እንዲያበርዷቸው የተመረጡት ቄስ ደግሞ ዴራ ከተማ ለቅሶ ሄደው ቀሩ።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። የኔዎቹ ሁለት ግን በሽታ እንዳይሆኑብኝ ገና በር ሲያንኳኩ ፈራሁ።

አጀማመራቸው ጥሩ ነበር። ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ። አባቴ «ኧረ ተቀመጡ» ቢላቸው «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ። ልጅህን ለልጃችን... ሁሉም በወጉ ተባለ። ከዚያ አባቴ ጠየቀ።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?»

አቶ ቱሉ ፈጠን አሉ። «ሥራማ አለው! ኮምባይነር ነጂ ነው። እኛም ቢሮ ሥራ ካገኙት ጋር ነው የተመዘገበው።»

ጋሽ ታምሩ ዝም ቢሉ ኖሮ አልቆ ነበር! ግን «ተመዘገበ» የምትለዋን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ።

«ቆይ ቆይ... ገመቹንም ቆጥራችሁታል? ሁለት ወር ሠርቶ አሥር ወር የሚቀመጠውን ልጅ?»

«ገበሬውስ ዓመቱን ሙሉ ያጭዳል እንዴ? እሱንም ሥራ የለውም ሊሉ ነው?»

«እኔ ያስተማርኩት ልጅ እኮ ነው፣ አቶ ቱሉ! ኢንጂነር ነው! መንገድ የሚሠራውን ልጅ ስንዴ እያሳጨዳችሁ ሥራ ሰጠነው ትላላችሁ?»

«ስንዴ ምን አደረገዎት? የሚበሉትን ዳቦ ማን አጭዶት ነው?»

«ዳቦማ የታለ! ስንዴ አገር ላይ ተቀምጠን ዳቦው በየሳምንቱ እያነሰ አይደለም?»

እናቴ እጄን ጨምቃ «ጉድ ፈላ!» አለችኝ። በመጋረጃው ጥግ ሳይ ሁለቱም ሳይታወቃቸው ተቀምጠዋል። አባቴም ገብቶበት «የማዳበሪያውስ ነገር?» እያለ ያራግባል። እኔን የሚያስታውስ ሰው ጠፋ። አልቅሽ አልቅሽ አለኝ።

በመጨረሻ አባቴ እጁን አነሳ። «እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ልጁ ሥራ አለው ወይስ የለውም?»

«አለው!» አሉ አቶ ቱሉ።

«የለውም!» አሉ ጋሽ ታምሩ። ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ... ግን አምልጣቸዋለች።

አባቴ ብድግ አለ። «እንግዲህ እናንተ ስትስማሙ ተመለሱ» አላቸው። እነዚህ ሁለት ሰዎች እስኪስማሙ ከተጠበቀ እኔ ቆሜ ቀረሁ ማለት ነው።

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ገበሬ ነው። «ዶክተር፣ ዳፍቴ ኮቱ! ቶሎ ነይ! ላሟ ስትጮህ አደረች!» ዶክተር እንኳ አይደለሁም፤ ላም አዳቃይ ባለሙያ ነኝ። ላም ኮርማ ስትፈልግ ደግሞ እሁድ አታውቅም፤ ሰዓቷ ካለፈ ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው።

ቱታዬንና ቦቲ ጫማዬን አጠለቅኩ። መውጫው አንድ ብቻ ነው... በሳሎኑ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ አታዋርጂን!» እያለች እጅጌዬን ብትጎትተኝም ወጣሁ።

ሦስቱም ዞረው አፈጠጡብኝ። በእንዲህ ያለ ቀን የልጅቷ ድምፅ እንኳ አይሰማም። አባቴ አፍሮ «ዛሬን እንኳ ብትተዪው ምናለበት?» አለኝ በቀስታ።

ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። ግን አፌ ቀደመኝ።

«አባዬ፣ ምን ይዞ ያኖራታል ብለህ ከሆነ... እኔ ሥራ አለኝ። ገመቹ ሲያገኝ ያግዘኛል፤ እስከዚያ እኔ አለሁለት። ሥራ የሌለኝ እኔ ብሆን ኖሮ የሱ አባት እምቢ ይል ነበር?»

መልስ ሳልጠብቅ ሞተሬን አስነስቼ ሄድኩ።

ክንዴ እስከ ትከሻው ላሟ ውስጥ እያለ ስልኬ ይጮሃል፣ ይጮሃል። ገበሬው ከኪሴ አውጥቶ ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ። እልልታ ነው! እናቴ ናት። አባቴ ሽማግሌዎቹን መልሶ አስቀምጦ «እሷስ እውነቷን ነው» ብሏል። ቀኑም ተቆርጧል፤ ከፋሲካ በኋላ። እዚያው ላሟ ኋላ ቆሜ በደስታ አለቀስኩ። ገበሬው ላሙ የሞተችበት መስሎት ደነገጠ።

«ሽማግሌዎቹስ?» አልኳት እናቴን።

ከግቢያችን የወጡት እየተጨቃጨቁ ነው አሉ። ጋሽ ታምሩ «በአንድ ደሞዝ ሁለት ሰው! ኑሮው የት እንደወደቀ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ?» ይላሉ። አቶ ቱሉ ደግሞ «በአንድ ደሞዝ ሁለት ሰው ጎጆ ሊወጣ! ኑሮው እንደተሻሻለ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ?»

በአገሩ ጉዳይ አልተስማሙም... እኔን ግን ዳሩኝ።