የጋሽ ሐሚድ ገመዶች

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጋሽ ሐሚድን የማያውቅ ካለ ትናንት ከአውቶብስ የወረደ እንግዳ ነው። አርባ ዓመት የከብት ደላላ ነበሩ። ደላላ ስላችሁ ደግሞ ሌላ እንዳታስቡ፤ በሬው ከተዋጋ «ይዋጋል»፣ ላሟ ከተራገጠች «ትራገጣለች» ብለው ገዢው ፊት የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሻጩ ዓይኑን ሲያጉረጠርጥባቸው «ዐይቡን የደበቀ ገንዘቡን ሐራም አደረገው» ይሉታል። ዐይብ የሚሉት እንከንን ነው።

አንድ ግትርነት ግን አለባቸው። ከገዛ በረታቸው ከብት ሲሸጡ ገመዱን አይሰጡም። «ከብቱ ይሂድ፣ በረከቱ ይቅር» ብለው ፈትተው ይዘውት ይገባሉ። የሳሎናቸው ግድግዳ ዳር እስከ ዳር ገመድ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ቤት ነው በረት?» ስላቸው «አንተ ያረጀ ብሎን ስትሰበስብ ማን ሳቀብህ ፈለቀ?» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ጋራዤን ያየ ያውቃል።

ድለላውን ሲተዉ አዲስ ባጃጅ ገዙ። ዓመት ሳይሞላቸው ጉልበታቸው አስቸገራቸውና ሩዋይዳ ለምትባል የአጣዬ ሴት ሸጡላት። ሩዋይዳ አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ ሱቋ ወድሞባት የእህቷን ልጆች ይዛ የቀረች ናት፤ ባጃጇን የገዛችው ለምና፣ ተበድራ፣ እንደ ምንም ነው። ከሽያጩ በፊት ባጃጇን ያየሁት እኔ ነኝ። ከላይ ከታች አየሁና «ሰላም ናት» አልኩ። ጋሽ ሐሚድም ቁልፉን አስረከቡ፤ የዋስትና ደብተሩን ግን ከነቀይ ክሩ ይዘው ገብተው ከገመዶቹ መሃል ሰቀሉት። አይቼ ዝም አልኩ። ወረቀት ምን ይሠራል ብዬ ነዋ! ደደብ!

ባለፈው ጥቅምት ጋሽ ሐሚድ ጋራዤ በር ላይ ተቀምጠው ሸንኮራ ሲገምጡ ስልካቸው ጮኸ። ባጃጇን መጀመሪያ የሸጠላቸው መደብር ነው። በዚያ ዙር የገቡት ባጃጆች የፊት ጎማውን ከመሪው የሚያያይዘው ብረት ብየዳው እየተሰነጠቀ ስለሆነ ሁሉም ይመለሱ፣ በነፃ ይሠራላቸዋል፣ እስከዚያ እንዳይነዱ ተባለ። ጋሽ ሐሚድ ሸንኮራውን ወረወሩት።

«ያ አላህ! ዐይብ ያለባትን ሸጫለሁ እኮ!»

«አላወቁማ ጋሼ፣ ምን ያድርጉ?» አልኳቸው።

«እሷስ ታውቃለች?»

ስልኬን አወጣሁ። የሩዋይዳ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም፤ እየነዳች ነዋ። ሚኒባስ ተሳፍረን ወደ አጣዬ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ሙስባሐቸውን ይቆጥራሉ። እኔም «ሰላም ናት» ያልኩበት አፌ መረረኝ።

ከገበያው በላይ ካለው ቁልቁለት ሦስት ሰውና አንድ ጆንያ ሽንኩርት ጭና ስትወርድ አገኘናት። ጋሽ ሐሚድ በዚያ በማይታዘዝ ጉልበታቸው መሃል መንገድ ገብተው ከዘራቸውን ዘርግተው ቆሙ። ፍሬኑ ጮኸ። ባጃጇ ደጋግማ ተንገራግጣ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች።

«አባባ፣ ሞት አማረዎት እንዴ?» አለች፤ ከዚያ አወቀቻቸው። «ጋሽ ሐሚድ! ሽያጩ ቆጭቶዎት ከሆነ አልመልስም! ሱቄን እሳት በላው፣ ይቺን ደግሞ እርስዎ ሊወስዱብኝ?»

«አጥፊያት ልጄ። ዐይብ አለባት፤ አልነገርኩሽም።»

ከሥር ገባሁ። ብየዳው ላይ የጥፍር ርዝመት ያላት ስንጥቅ አለች፤ ጣቴን ሳሳርፍባት ከፈት አለች። ባለሽንኩርቷ ተሳፋሪ «ሱብሐነላህ!» ብላ ጆንያዋን ጎትታ ወረደች።

ባጃጇን በአይሱዙ ጭነን ሸዋ ሮቢት መደብሩ በር ላይ አወረድናት። የመደብሩ ሰው ግን ሩዋይዳን ቀና ብሎም ሳያያት «አንቺ ከእኛ አልገዛሽም። ደብተር አለሽ?» አላት።

«የምን ደብተር?» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ጋሽ ሐሚድ ፊታቸው አመድ መሰለ። እያነከሱ ቤታቸው ሄደው ደብተሩን ይዘው መጡ። ተቀበልኳቸውና ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ዋስትናው ከባጃጇ ጋር ወደ ገዛት ሁሉ ይተላለፋል፣ የፋብሪካ ጉድለት ያለበት ዕቃ በአዲስ ይለወጣል ይላል። ሰውዬው አንገቱን እያከከ «እሺ፣ በይደን እንስጣት» አለ።

«እግሩ የተሰበረ በሬ በጨርቅ ጠቅልለህ ትሸጣለህ?» አሉ ጋሽ ሐሚድ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መትተው። «አዲስ ነው የሚለው! ካልሆነ ንግድ ጽሕፈት ቤት አብረን እንሄዳለን፤ እኔ እንደሆንኩ ጡረታ ላይ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ!»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። በሦስተኛው ቀን አዲሱ ብረት መጥቶ ዓይኔ እያየ ተገጠመላት። ሰባራ ሳንቲም አልተጠየቀችም።

ጋሽ ሐሚድ ደብተሩን ከነቀይ ክሩ እጇ ላይ አደረጉላት። «እንኪ። በዕድሜዬ ገመድ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነው።»

«በረከቱስ ጋሼ?»

«ያንቺን ሕይወት ይዞ የሚቀር በረከት ይቅርብኝ።»

በሳምንቱ ከጁምዓ በኋላ ሩዋይዳ ራሷ ነድታ ቤታቸው መጣች፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አስታቀፈቻቸው። የተሰነጠቀው ብረት ነው፤ መደብሩን ለምና ያስቀረችው። «ይኸው የገመድዎ ምትክ» አለቻቸው። ሳቁ፣ ሳቁና በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

አሁን ብረቱ ደብተሩ የነበረበት ምስማር ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ገመዶቹን በከዘራቸው እያሳዩ «እነዚህን ሁሉ ዐይባቸውን ነግሬ ሸጥኩ» ይላሉ። ብረቱ ጋ ሲደርሱ ቆም ይሉና «ይቺን ሳልነግር ሸጥኩ፤ ግን ሰው ሳትጎዳ ደረስኩባት» ይላሉ።