አዲሱ ቆርቆሮ

የምንኖረው ሐዋሳ ዳር ላይ፣ የይዞታ ካርታ በሌለው ቤት ነው። በእኛ ሰፈር ነባር ቤት እስኪወሰንለት ድረስ ይቆያል፤ አዲስ የተሠራ ግን ይፈርሳል። ደንብ አስከባሪዎች አዲሱን የሚለዩት በቆርቆሮው ነው፤ ካብለጨለጨ አለቀልህ። ስለዚህ ያረጀ ቆርቆሮ ስንቀይር አዲሱን በጭቃና በአመድ አሽተን፣ አስረጅተን ነው የምንመታው። ቤትህ እንዳይፈርስብህ ራስህ ታበላሸዋለህ! ያናድደኛል፤ ግን አደርገዋለሁ።

ባለፈው ክረምት በመንገዱ በኩል ያለው የግድግዳ ቆርቆሮ ዝጎ ተበሳ። ቀየርኩትና እንደ ልማዳችን ጭቃ ቀባሁት። እሁድ እኔና ባለቤቴ ቸርች ስንሄድ፣ ከገጠር ሊጠይቁን የመጡት አማቴ ቤት ቀሩ።

ስንመለስ ገና ከአስፋልቱ አየነው። ግድግዳው በፀሐይ ያበራል። አማቴ ባልዲና ጨርቅ ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

«ምን ነካህ ልጄ? ሰው ቤቱን እንዲህ አቆሽሾ ይኖራል? ይኸው፣ አሁን ቤት መሰለ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እዚያ ሰፈር ከገባን ጀምሮ ቤቴ እንዲያ አምሮ አይቼው አላውቅም።

«ይባረኩ እማዬ» አልኳቸውና ባልዲውን ከእጃቸው ተቀብዬ ጭቃ ላቦካ ወደ ጓሮ ዞርኩ።